ሞተሩ ቢሞት ክብደቱ አይሞትም!

«እኔን ያየህ ተቀጣ» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ የማጫውታችሁ ከመቱ እስከ አዲስ አበባ ስላደረግነው ጉዞ ነው። «ስላደረግነው» ያልኩት ወድጄ አይደለም። አብራኝ የተጓዘችው ከሠላሳ ዓመት በላይ ከቆመችበት ያልተነቃነቀች፣ ሞተሯ እምቢ ያለ የአባቴ ቮልስዋገን ናት።

ከእናንተም መካከል በአንዱ ክፍለ ሀገር፣ በአንዱ ጓሮ፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ሥር የቆመች ፊያት 600 ወይም ፔጆ 404 ወይም ላንድሮቨር ያለችው አይጠፋም። «አንድ ቀን አስነሳታለሁ» እየተባለ ዓመት ዓመትን ይተካል። ከዚያ አንድ ቀን ሆድ ይብሳል፣ ሰው ተነስቶ መኪና ተከራይቶ ሊጭናት ይሄዳል። ልክ እንደኔ! እንግዲያስ ስሙኝ። ይህን የምጽፈው እኔ ልከፍለው የነበረውን ዋጋ እናንተ እንዳትከፍሉት ነው። ዋጋው የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሳሁ።

ወደ መቱ

ከአዲስ አበባ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጅማ በኩል ሄድኩ፤ ጅማ፣ አጋሮ፣ በደሌ። ከበደሌ ወዲያ ያለውን መንገድ ያላየ ሰው አገሬን አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። ግራና ቀኙ ጫካ ነው። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ደግሞ ቡና! ማንም ያልተከለው፣ ራሱ ረግፎ ራሱ የበቀለ የጫካ ቡና። የያዮ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌርነት የተመዘገበው በዚሁ ቡና ምክንያት ነው። ወሩ ታኅሣሥ ስለነበር ቡናው ተለቅሞ በየደጃፉ ተሰጥቷል። ሽታው በአውቶቡሱ መስኮት ይገባል።

ሁሩሙን አልፈን መቱ ስንገባ ካፊያ ተቀበለን። ኢሉባቦር ዝናብ አይጠግብም፤ በበጋም ቢሆን ሰማዩ አይታመንም። እህቴ፣ ማለትም እትዬ፣ በአባታችን ቤት ነው የምትኖረው። ጨጨብሳ በማር አቀረበችልኝ፣ ቡናውን በጨው አደረገችልኝና «አሁን ይቺን ብረት ወስደህ ምን ልትሠራባት ነው?» አለችኝ። ልጇ፣ የ14 ዓመቱ ጎረምሳ፣ ከኔ በላይ ተደስቷል። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የምገፋት!» ይላል። ይቺን ቃል ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

በማግስቱ ጎሬ ወጣሁ። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ሰበቤ አባቴ ድሬሰር ሆኖ የሠራበትን፣ ቮልሷንም ከአንድ የቡና ነጋዴ የገዛበትን ከተማ ለማየት ነበር። ጎሬ ዛሬ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ግን ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ከወጡ በኋላ የኢትዮጵያ ጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ የነበረች፣ ራስ እምሩ የመሩባት፣ ጣሊያንም እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስ ያልረገጣት ከተማ ናት። ከዚያ በፊት ደግሞ የሸክም ከተማ ነበረች። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ስለተከፈተ፣ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ወግ ለማሳመር አይደለም። በዚህ አገር ከባድ ነገርን ከተራራ አውርዶ በደህና ማድረስ አባት ለልጅ ያወረሰው ሙያ ነው ለማለት ነው። እኔ ግን ሙያውን ማንንም ሳልጠይቅ ዘው ብዬ ገባሁበት።

የጥጋብ ቀን

በቡና ወራት መቱ ላይ ባዶ የጭነት መኪና ማግኘት ቀላል አይደለም። አንድ ደላላ ኢሱዙ አገናኘኝ። ሹፌሩ ከመጣ ጀምሮ ሰዓቱን ያያል፤ «ቶሎ በሉ፣ በጊዜ በደሌ መግባት አለብኝ» ይላል። ሁለት ሳንቃ ተገኘ። ስድስት ጫኝና አውራጅ ተገኘ። ገመድም ተገኘ። የቀረን የመሰለኝ ጉልበት ብቻ ነበር።

«ቮልስ ምን አላት? ወደ 800 ኪሎ ናት። 8 ኩንታል ቡና ማለት እኮ ነው!» አልኳቸው። ሁሉም ሳቀ። እነሱ በቀን ስንትና ስንት ኩንታል የሚጭኑ ሰዎች ናቸው። አያችሁ፣ ስህተቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። 8 ኩንታል ቡና ጎማ የለውም! ሳንቃ ላይ ብትለቁት እዚያው ቁጭ ይላል። መኪና ግን ጎማ አላት፤ ከለቀቋት ወደ ቁልቁለቱ ነው የምትሄደው።

ኢሱዙው ግቢ ውስጥ ገባና ሳንቃዎቹ ከስፖንዳው ጫፍ ወደ መሬት ተዘረጉ። ገመዱን ከፊት ፓራውልቱ ላይ አሰርነው። አራት ሰው የኢሱዙው ጭነት ላይ ወጥቶ ይጎትታል፣ ሁለት ሰው ከኋላ ይገፋል። ከሁለቱ መሃል ደግሞ ማን ገብቶ ቢሆን ጥሩ ነው? የእህቴ ልጅ! አይቼዋለሁ። አይቼ ዝም ብያለሁ። እንዲያውም «ግፋ የኔ አንበሳ!» ብዬዋለሁ።

የፊት ጎማዎች ሳንቃው ላይ ወጡ። የኋላዎቹም ተከተሉ። ግማሽ ላይ ስትደርስ ሳንቃው ጎበጠ፤ ከዚያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፓራውልቱ ዝጎ ኖሮ ከነገመዱ ተገንጥሎ ሄደ! ላይ የነበሩት አራቱ ጎታቾች በጀርባቸው ተዘረሩ። ቮልሷ አንድ አፍታ የቆመች መሰለች። ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራተተች።

እትዬ ስትጮህ ብቻ ነው የሰማሁት። አንደኛው ወዛደር ልጁን በሸሚዙ ኮሌታ ይዞ ወደ ጎን ወረወረው። ሌላው ራሱ ዘለለ። ቮልሷ በመሃላቸው አልፋ ከአቮካዶው ዛፍ ጋር ተላተመች። ልጁ የነበረበትና ዛፉ በአንድ መሥመር ላይ ነበሩ። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም፤ ስጽፈው እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሹፌሩ ስፖንዳውን ዘግቶ ሄደ። አልፈርድበትም።

ማታ ቡና ተፈላ። ማንም አይናገርም። በመጨረሻ እትዬ ቀና ብላ፣ «ወንድምዓለም» አለችኝ፣ «አባባ ይቺን መኪና የገዛው ምጥ የያዛትን ሴት ከሁሩሙና ከቡሬ ወደ ሐኪም ቤት ሊያደርስባት ነው። ሰው አድኖባታል። አንተ ዛሬ ልጄን ልትቀብርባት ነበር» አለች። መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን ሙሉ ለቁራሌ ልሽጣት፣ ልተዋት፣ ላቃጥላት እያልኩ ሳሰላስል ነጋ።

ኦቦ

በነጋታው ራሷ እትዬ ወደ አንድ ሰው ላከችኝ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ የተሻገረ፣ ድሮ ፊያት ኤንትሬ እየነዱ የጎሬንና የመቱን ቡና ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አባታቸው ደግሞ ቡና በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ያወርዱ ነበር። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እኔም «ኦቦ» እያልኩ ነው የጠራኋቸው።

መጡ። ቮልሷን አዩዋት። ዛፉን አዩት። ሳንቃውን አዩት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ከኋላዋ ማን ነበር የቆመው?»

ልጁን አሳየኋቸው። ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ ሞተሩ ቢሞት ክብደቱ አይሞትም። የሚሄድ መኪና ፍሬን አለው፣ ማርሽ አለው። የሞተ መኪና ክብደት ብቻ ነው። ሰው የሚያልቀው መንገድ ላይ ይመስልሃል? የሚያልቀው እዚህ ነው፣ የመጀመሪያዋ አሥር ክንድ ላይ» አሉኝ። እኔም የሚቀጥለውን ሁሉ እንደሳቸው ትእዛዝ አደረግሁ። እናንተም ካሰባችሁ እንዲሁ አድርጉ።

ከመንካታችን በፊት

መጀመሪያ በረጅም ዱላ በየጉድጓዷ ነካኩ። ለካ ለብዙ ዓመት የቆመ መኪና ባዶ ቤት አይደለም! ኢሉባቦር ደግሞ የንብ አገር ነው። የኛይቱ ውስጥ ንብ አልነበረም፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ግን ዶሮ ዕንቁላሏን ታቅፋ ተገኘች። እባብም ሊኖር ይችላል፤ እጃችሁን ዝም ብላችሁ አትስደዱ።

ቀጥሎ ባትሪው ወጣ። በቮልስ ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የኛይቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1965 ሥሪት ስለሆነች ባትሪዋ ባለ 6 ቮልት ነው። አሲዱ ፈስሶ ወለሉን በልቶታል፤ በቀዳዳው ሣር ይታያል። ታንከሯ ደግሞ ከፊት፣ ከኮፈኑ ሥር ነው። የቀረው ቤንዚን ጠቁሮ እንደ ቫርኒሽ ተጣብቋል። ተቀዳና ወጣ። «እዚህ አካባቢ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ ይሂድልኝ» አሉ ኦቦ።

ከዚያ ጎማ። ጎማው የተኛ መኪና በእጥፍ ይከብዳል፤ መሪውም አይታዘዝም። ሁለቱ ነፋስ ያዙ፣ ለሁለቱ ከለመዳሪ ተቀየረላቸው። የኋላ ግራው ጎማ ግን አልዞር አለ። እኔ «በመኪና ጎትተን እናላቀው» ስል ኦቦ ተቆጡ። የተጣበቀውን በጉልበት መጎተት ወይ ጎማውን ይተለትለዋል ወይ ያልታሰበ ነገር ይሰብራል። ሌሎቹ ጎማዎች ታኮ ተደርጎባቸው፣ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ፣ ከሥሯ ግንድ ገባ። ክሪክ ብቻውን አይታመንማ! የእጅ ፍሬኑ ካቦ ላላ፣ የፍሬን ሸራው ማስተካከያ በቀዳዳው በኩል በካቻቢቴ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ታምቡሩ ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ ቀስ እየተባለ ተመታ። ከግማሽ ቀን በኋላ «ቋ» ብሎ ለቀቀ። ልጁ አጨበጨበ።

ገመድ የት ይታሰራል?

ኦቦ የተገነጠለውን ፓራውልት አንስተው አሳዩኝ። «ይሄ ጌጥ ነው» አሉ። ፓራውልት፣ በር፣ የኮፈን መያዣ... እነዚህ ሁሉ ለመጎተት አልተሠሩም። የቮልስ የፊት አክስል ማለት ግራና ቀኝ የሚያገናኙ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩ ሁለት ወፍራም ቱቦዎች ናቸው። ገመድ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው፤ ያውም የፍሬኑን ቧንቧ እንዳይጨፈልቅ እየተጠነቀቁ። በሌላም መኪና ቢሆን ሕጉ ይኸው ነው፦ ጎማውን የተሸከመውን ብረት ፈልጉ፣ እሱ ላይ እሰሩ።

ገመድ ሲወጠር ደግሞ በአጠገቡም በመሥመሩም ማንም አይቆምም። ካቦ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ነው የሚመለሰው። ኦቦ በካቦው ወገብ ላይ እርጥብ ጆንያ ጣል አደረጉበት፤ ቢበጠስ ኃይሉን ይቀንሰዋል።

ከግቢው ወደ መጫኛው ቦታ 300 ሜትር ያህል መጎተት ነበረብን። ፒካፕ ተገኘ። እኔ ገመድ ሳቀርብ ኦቦ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍሬን የሌለው መኪና በገመድ አይጎተትም፤ የሚጎትተው ሲቆም የሚጎተተው መጥቶ ይላተመዋል። ስለዚህ በያጅ ዘንድ ሄደን በሁለቱም ጫፍ ቀለበት ያለው ጠንካራ የብረት ዘንግ አሠራን። ዘንግ ይስባል፣ ዘንግ ይገታልም። አንድ የበቃ ሰው መሪ ያዘ፣ ፒካፑ በሰው እርምጃ ሄደ፣ ሁለት ሰዎች ታኮ ይዘው በጎንና በጎን ተከተሉ። በጎን ነው ያልኩት፤ ከኋላ አይደለም!

አገሩ ራሱ ክሬን ነው

«ክሬን ከየት እናምጣ?» ብዬ ነበር። ኦቦ ሳቁና ከመንገድ ዳር ወዳለ ጉብታ ወሰዱኝ። መንገዱ ሲሠራ ኮረብታው ተቆርጦ፣ ጠርዙ ልክ የኢሱዙ ጭነት ከፍታ ሆኖ ቀርቷል። «ኢሉባቦር እኮ ነው፤ አገሩ ራሱ ክሬን ነው» አሉኝ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ ባለው ጭነት ላይ በ4 ሜትር ሳንቃ ለማውጣት 800 ኪሎውን በ4 ማካፈል ነው፦ 200 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ኋላ እየጎተታችሁ ነው ማለት ነው። ያውም ጎማው ሳይከብድ። ሳንቃው 6 ሜትር ቢሆን ወደ 130 ይወርዳል። ከጉብታው ላይ ሜዳ ለሜዳ ሲገባ ግን ወደ ኋላ የሚጎትት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጉብታ ባይኖር እንኳ ሳንቃውን ማስረዘም፣ ወይም ለኢሱዙው የኋላ ጎማ መሬቱን መቆፈር ይቻላል። ጉልበት ከመጨመር ከፍታ መቀነስ!

ሌላ ኢሱዙ ተከራየን። በቂጡ ወደ ጉብታው ተጠጋ፣ ማርሽ ገባ፣ የእጅ ፍሬን ተያዘ፣ ጎማዎቹ ሁሉ ታኮ ተደረገባቸው። ሁለት ወፋፍራም ሳንቃ እንደ ድልድይ ተጋደመና በሚስማር ተመታ። ቮልሷ በቂጧ እንድትገባ ተደረገ። ለምን? የቮልስ ሞተር ከኋላ ነዋ! ከባዱ ወገን ወደ ጋቢናው መጠጋት አለበት፤ ጅራት ላይ ከሆነ የጫነው መኪና አፍንጫው ቀልሎ መሪው አይታመንም። ሞተራቸው ከፊት የሆኑትን በፊታቸው አስገቧቸው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ከኋላ አክስሏ የታሰረው ገመድ በጋቢናው ጀርባ ባለው ብረት ላይ ዞሮ ወደ መሬት ወረደ፤ ጎታቾቹ ከኢሱዙው ጎን መሬት ላይ ቆመው ይጎትታሉ፣ ማንም ፊቷ የለም። ከፊት አክስሏ ደግሞ ሌላ ገመድ ወጥቶ ጉብታው ላይ ባለ ዋንዛ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠመጠመ። ኦቦ ጫፉን ያዙት። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ! በዛፍ ላይ ሁለት ዙር የተጠመጠመ ገመድ ግን ሰበቃው ራሱ ይይዛል፤ አንድ ሰው አንድ መኪና ይገታበታል። ጎታቾቹ አንድ ክንድ ሲጎትቱ ኦቦ አንድ ክንድ ይለቃሉ። የላይኛው ቢበጠስ እንኳ የትም አትሄድም።

ልጁስ? እትዬ ቤት ልትቆልፍበት ነበር። ኦቦ ግን «ተዪው፣ ሥራ አለው» አሉና አንድ ፊሽካ ሰጡት። ከአሥራ አምስት እርምጃ ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንዲቆም አደረጉት። «ሰው ከመኪናዋ ፊትም ሆነ ኋላ ሲገባ ካየህ ንፋ። አጎትህም ቢሆን! አንተ ስትነፋ ሁላችንም እንቆማለን» አሉት። ከዚያ «ሱታ! ሱታ!» እያሉ አስጀመሩ።

ሁለት ጊዜ ነፋ። አንዱን የነፋው በኔ ላይ ነው፤ ጎማው ሳንቃው ላይ መሆኑን ልይ ብዬ ጎንበስ ስል። ሁሉም ቆመ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬም ኮርቼም አላውቅም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቮልሷ ጭነት ላይ ነበረች።

አስሮ መሄድ

ማርሽ ገባ፣ ከየጎማዋ ፊትና ኋላ እንጨት ተመታ። አራት ገመድ፣ ከአራቱ ማዕዘን፣ ከአክስል ወደ ስፖንዳው ቀለበት ተወጠረ። ከአካሏ ለምን አይታሰርም? አካሏ ሞላ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ጉድጓድ ሲመታ ይዘላል፣ ሲዘል ገመዱ ይላላል። በቮልሷና በጋቢናው መሃል አሮጌ ጎማ ገባ። የጎማ ቆቦቹ፣ መስታወቶቹ ተፈተው በካርቶን ታሰሩ። ሊብሬውን፣ ከፍርድ ቤት የወጣውን የወራሽነት ማስረጃ ከነኮፒው ያዝኩ፤ የሟች ስም ያለበት ሊብሬ ብቻውን ኬላ ላይ ብዙ ያስወራል።

ልጁ እስከ በደሌ ቮልሷ ውስጥ ተቀምጬ መሪ ልያዝ ብሎ ለመነ። አይሆንም! በተጫነ መኪና ውስጥ ሰው አይቀመጥም፤ ትልቅም ይሁን ትንሽ።

ሁሩሙ ላይ ቆመን ገመዱን ስፈትሽ አራት ጣት ያህል ላልቶ አገኘሁት። ኦቦ ነግረውኝ ነበር፤ አዲስ ገመድ በመጀመሪያዎቹ 20 ኪሎ ሜትሮች ይለጠጣል። አጠበቅን። ያዮ ላይ እንደገና። በየከተማው ልጆች «ቮልስ! ቮልስ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ ሽማግሌዎች ቆመው ያያሉ። አንዱ «የድሬሰሩ አይደለችም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጉሮሮዬን ዘጋኝና ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

ማታ መንዳት አልፈለግንም፤ መንገዱ ሰላም መሆኑንም በየከተማው እየጠየቅን ነው የሄድነው። በደሌ አደርን። ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን ከተማ ናት፤ ስሟን አገር ያወቀው ግን ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በቢራዋ ነው። ሹፌራችን እንዳይጠጣ ግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት!

በማግስቱ ዲዴሳን ተሻግረን፣ አጋሮንና ጅማን አልፈን ጊቤ በረሃ አፋፍ ላይ ደረስን። ያንን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ሹፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ «በፎሌ ላውርዳት» አለኝ። «ወንድሜ፣ ከላይህ ፍሬን የሌላት መኪና ተቀምጣለች» አልኩት። ገመዱን ፈትሸን፣ በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እየገታን፣ ሱታ ሱታ ወረድን። ወሊሶ ላይ ሻይ ጠጣን። አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ ገባን። ማውረዱን ግን ለነጋታው አሳደርነው፤ የደከመ ሰው መኪና አያወርድም። ሲወርድም ልክ እንደ አጫጫኑ ነው፦ ጉብታ፣ ሁለት ገመድ፣ ፊሽካ።

ለመሰናበት ያህል

የቮልስ ነገር ከተነሳ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እንደኛ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዕቃ ፈልጎ አይታጣም። የኛይቱ አሁን ጋራዥ ናት። ሞተሯ ገና አልተነሳም። የተጨማደደውን የኋላ ጭቃ መከላከያዋን ግን «አቃናልኝ» ብዬ አላዘዝኩም። እንዲታየኝ እፈልጋለሁ።

እናንተም እንግዲህ ሌላው ሁሉ ቢጠፋችሁ ሦስት ነገር ያዙልኝ። ከከፍታ በታች፣ ከመኪና ኋላ ሰው አይቁም። ገመድ ጎማ በሚሸከም ብረት ላይ ይታሰር፣ ሁለተኛም ገመድ ይኑር። የሚቸኩል ሹፌር ከመጣ ደግሞ ሸኙት፤ ሌላ ኢሱዙ ነገ ይመጣል። ሙያ ያለው ሽማግሌ በየከተማው አለ፤ መጠየቅ ደግሞ በነፃ ነው።

ለኦቦ ስደውል ገንዘብ አልቀበል ያሉበትን አነሳሁባቸውና «ጋላቶማ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። የእህቴ ልጅ በየሳምንቱ ይደውላል። «ጋሼ፣ ተነሳች?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ። ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው አሉ የሚውለው። ከሱ ኋላ ሆና ደግሞ የእትዬ ድምፅ ይሰማኛል፦ «አትቸኩል በለው!»

አልቸኩልም፣ እትዬ። ቸር ይግጠመን!